የጥቁር ቀለም ሽታ

በኮሚኒስቶቹ ዘመን፣ ፐርኒክ በምትባለው የቡልጋሪያ የከሰል ከተማ ውስጥ ጥቁር ካናቴራ በሱቅ አይሸጥም ነበር። ጥቁር የሚፈለገው ለሐዘን ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ያለውን ልብስ ከቀለም ጋር ቀቅሎ ቤቱ ያጠቁራል። ጥቁር መልበስ የሚወዱት የሮክ ሙዚቃ ልጆችም ከዚህ የተሻለ መላ አልነበራቸውም። ሲቸግራቸው የሚሮጡት ወደ ራይና ነው።

ራይና አዘቦቱን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትውላለች። ቅዳሜ ሲመጣ ነጭ ካናቴራ ድስት ውስጥ ታጠቁርና፣ ሲደርቅ የክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥማ በበረኪና ትስልበታለች። በረኪናው የነካው ቦታ ጥቁሩ ይለቅና ሥዕሉ ብቅ ይላል። እጇ የተባረከ ነበር። እንዲህ ያለ ልብስ የማይወደው ፖሊስ፣ ሚሊሻው፣ መንገድ ላይ ይዞ ካናቴራውን የቀደደበት ልጅ እንኳ ልብ ገዝቶ አይቀርም፤ በሳምንቱ ሌላ ሳዪልኝ ብሎ ይመጣል።

ያን ቅዳሜ ማታ የታናሽ ወንድሟ የያቮር ባንድ ባህል አዳራሹ ውስጥ ሊጫወት ነው። አንዱን ካናቴራ ስላ ጨርሳለች፤ ሦስቱ ገና ይጠቁራሉ። የቸገራት ግን አባቷ ነው። ሜቶዲ ዕድሜውን የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣ ሳንባው አቧራ ጠግቦ፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ተኝቷል። ሐኪሞቹ «ቤቱ ይረፍ» ብለው ሸኝተውታል። እናቷ ስቶይና ግን «ብርድ ነው፣ ሙቀት ሲገባ ይለቅሃል» አለችው፤ ልጆቿንም «ካወቀ በማግስቱ ነው የሚሄድብኝ» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ወይ ጉድ! ስንቱን ባልደረባውን በዚሁ በሽታ የቀበረ ሰው በብርድ ይታለላል?

ራይና በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን ከፍታ ድስቱን ጣደች። ሽታውን ግን በር አያግደውም።

«ራይና!»

ሄደች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። ሜቶዲ አየውና፣

«ጀመራችሁ እንዴ?» አላት። «እናቴ እንኳ አባቴ እስኪቀበር ጠብቃለች።»

«ኧረ አባዬ! የያቮር ባንድ ልብስ ነው! አባቴ ይሙት!»

ምላሷን ነከሰች። ሜቶዲ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

«እሱስ አይቀርም» አለ።

እንዲያምናት ሮጣ ሄዳ ያለቀውን ካናቴራ አመጣች። ፊቱ ከዘረጋችው በኋላ ነው ምን እንደሳለች ትዝ ያላት፤ ያገጠጠ የራስ ቅል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሜቶዲ ትኩር ብሎ አየው። «የቆፋሪ ቆብ አድርጊለት እንጂ። ጉድጓድ ውስጥ ባዶ ራስ አይገባም።» ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ዞር ብሎ፣ «ድስቱ እንደጋለ ነው?» አላት።

«ነው።»

«እንግዲያው የእናትሽን ቡናማ ቀሚስ ጨምሪበት። ያን ጊዜ ድስት የምትጥድበት ጉልበት አይኖራትም።»

እናቷ ያስጠናቻት መልስ አፏ ላይ ነበር። ብርድ ነው ማለት ብቻ ነው። ራይና የአባቷን ዐይን አየች፤ አቃታት።

«እሺ አባዬ» አለች። ይህን ስትል አፈር የመለሰችበት መሰላት።

ስቶይና ከሥራ ስትመለስ ገና ከመንገድ ሆና ቀና ስትል፣ ቀሚሷ በረንዳው ላይ ጠቁሮ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። ጩኸቷ ሕንፃውን አናጋው። ደረጃውን እየተደናቀፈች ወጥታ በሩን በርግዳ ገባች።

«ቀስ በይ አንቺ ሴት» አለ ሜቶዲ ከአልጋው ላይ። «ትንፋሽ ያጠረው እኔን ነው።»

ስቶይና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ዞር ብላ ራይናን በጥፊ አጮለቻት።

«ምን ነገርሽው? ምን አደረግሽኝ?»

«ተያት፤ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ነይ እዚህ ጎኔ ቁጭ በይ።» እጁን ዘረጋላት። «እስካሁን ብርዱን አስታመምሽ። አሁን ደግሞ እኔን አስታምሚኝ።»

ስቶይና ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ወድቃ፣ ከታመመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ አለቀሰች። ራይና ጉንጯን ይዛ ወጣችና በሩን ዘጋችላቸው።