ከቲማቲም ሥር የወጣ የሮማውያን ገል

ሰፈርተኛው «የገል ሐኪሟ» ይላታል። አይፈረድበትም! ቅዳሜ ቅዳሜ በምትሠራበት ሙዚየም ምድር ቤት መብራቷን አብርታ፣ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ስትቀመጥ፣ ሕዝቡ ጓሮው ያገኘውን ስባሪ በፌስታል ቋጥሮ ይሰለፋል። አገሩ ድሮ ሮማውያን የኖሩበት ነውና ሁሉም የሮማውያን ዕቃ አገኘሁ ባይ ነው። እሷም አገላብጣ ታይና «እማማ፣ ይሄ እንኳ የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ያውም የቅርብ» ትላለች ፈገግ ብላ። አንዱማ የሽንት ቤት ሰድር አምጥቶ ሊጣላት ምንም አልቀረው።

እንዲህ የሰው ሁሉ ወዳጅ ሆና ሳለ፣ አባቷ ግን ስለ ሥራዋ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ፋርማሲስት ትሆንልኛለች ሲል ትምህርቱን አቋርጣ ገል ለቀማ ገባች፤ በቃ፣ አኮረፈ። ልትጠይቀው ስትሄድ ስለ ቲማቲሙ ያወራታል እንጂ ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አይልም። ይሄ ነገር ያንገበግባታል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀና ስትል ማንን ብታይ ጥሩ ነው? አባቷን! እንደ ማንም ወረፋውን ጠብቆ ከፊቷ ቆሟል። በካልሲ የጠቀለለውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከቲማቲሙ ሥር ነው ያገኘሁት። እስቲ እይው» አለ፣ ሌላ ቦታ እያየ።

አነሣችው። ቀይ፣ ልስልስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ስብራቱም እስከ ውስጡ ቀይ። ከታች የሸክላ ሠሪው ማኅተም አለበት። አጉሊ መነጽሯን አስጠግታ አነበበችው።

«አባዬ! ይሄ እኮ ከሮማውያን የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሳህን ነው!»

«አትቀልጂ!»

«እውነቴን ነው። ግን ጓሮህ ሊቆፈር ነው፤ ቲማቲሙ...»

«ይነቀላ! ምን አባቱ! አንቺ ነሽ የምትቆፍሪው?»

«አዎ፣ ሰኞ እንመጣለን። ብቻ እንዴት እንደሚቆፈር...»

የሚሰማት የት አለ! እየተጣደፈ ወጣ።

ሰኞ ማለዳ ከባልደረባዋ ጋር ብሩሽና ገመድ ይዛ ደረሰች። አባቷ በሩን ከፈተላቸው፤ ወገቡን ይዟል፣ ጥፍሩ ጭቃ በጭቃ ነው። ጓሮው ቲማቲም የለ፣ ምን የለ፤ ከዳር እስከ ዳር ተገልብጦ አፈሩ ተከምሯል። በረንዳው ላይ ደግሞ ገሉ በሳሙና ታጥቦ፣ ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ ጋር ተደርድሯል።

«ወገብሽን እንዳያምሽ ብዬ ጨረስኩልሽ» አለ።

ባልደረባዋ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። እውነቱን ነው። የቱ ገል ከየትኛው የአፈር ድርብርብ እንደወጣ ካልታወቀ፣ ማን መቼ እዚያ እንደኖረ በምን ይታወቃል? ዕድሜ ልኳን ስትመኘው የኖረችው ቦታ በአካፋ ድራሹ ጠፋ። ተናደደች፤ ልትጮህም አፏን ከፈተች።

አባቷ ከድርድሩ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘው። «ይሄኛውስ ምንድነው፣ ልጄ? እስቲ አስተምሪኝ» አለ።

እንባዋ መጣ። ባልደረባዋ ምንም እንዳይናገር በክርኗ ጎሸም አደረገችውና በርጩማ ሳበች።

«የዋንጫ ከንፈር ነው፣ አባዬ» አለችው። «ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።»