ነጯና ጥቁሯ

በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ግቢ መካኒክ ነበርኩ። ከባላባቶች የተወረሱ ሁለት ባለ ሁለት በር የቅንጦት መኪኖች ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር፣ ቀለማቸውን ለተወ ሰው ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። አንዷን ፈትተን በዕቃዋ ሌላዋን እንድንጠግን ታዘዝን።

እኔ ነጯ ትትረፍ አልኩ። አሮጌ ናት፣ ግን ማርሿ በእጅ ነው፣ ቤንዚንም አታባክንም። አለቃዬ ጥቁሯን አለ፤ ሞተሯ ጉልበታም፣ ማርሿ ኦቶማቲክ፣ ወንበሯ ቆዳ።

«የዋጃን መንገድ ጭቃ በቆዳ ወንበር ልትሻገረው ነው?» አልኩት ተናድጄ።

በዚህ መሃል አጎቴ ከጎብዬ መጣ። በዚያ ዓመት ድርቁ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ገድሎበት፣ እንደሱ አንድ በሬ የቀረው፣ አብሮት የሚያጣምድ መቀናጆ ሲፈልግ ነበር የከረመው። ክርክራችንን ቆሞ ሰማ። የሁለቱንም መኪኖች ጀርባ በመዳፉ ዳሰሰ።

«ሙሉ ጥማድ ይዛችሁ የቱን እንረድ ትላላችሁ?» አለ።

ያን ቀን መፍቻ ያነሳ የለም፤ ከዚያም በኋላ የአንዷን ባትሪ ለሌላዋ እያዋስን ሁለቱንም አቆየናቸው።

አጎቴ ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ ስታወጧቸው ጎን እንዳታለዋውጡባቸው። በግራ የለመደ በሬ በቀኝ አይስብም» አለኝ።

መኪና እንደማይጠመድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያን ሥራ እስክለቅ ድረስ ነጯን በቀኝ፣ ጥቁሯን በግራ አቆም ነበር።