የባንቺአየሁ ከል

በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ሽንፋ አጠገብ በሚገኝ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር እነዳ ነበር። የሠራተኛውን ምግብ የምታበስለው የሳንጃዋ ባንቺአየሁ ነበረች። ባለፈው አጨዳ ደሞዝ የሚባለው ባሏ እዚያው የወንዝ ውኃ ጠጥቶ በተቅማጥ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ ከል እንደለበሰች ናት። "ከእንግዲህ ከእኔ በርሜል ጠጥቶ የሚሞት የለም" ብላ ምላለች።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ኤልሳቤጥ ውኃውን በጨርቅ አጥልላ፣ ሽቶ የሌለበትን በረኪና በልኩ ጠብ አድርጋ፣ ግማሽ ሰዓት እንድትጠብቅ አሳየቻት። "ከሎሚም ከሌላ ማጽጃም እንዳትደባልቂው፣ ትነቱ ይገላል" አለቻት።

ከጎጃም ለአጨዳ የመጣው ጎሹ ግን "የምንጠጣውን የልብስ ማጠቢያ አረገችው!" እያለ ያሾፍባት ነበር።

አንድ ቀን ከጎረቤት እርሻ ሰው በተቅማጥ መውደቁ ተሰማ። የእኛዎቹ ከማሳው ጉሮሯቸው ደርቆ ሲመጡ ባንቺአየሁ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች። የበረኪና ሽታ የለውም። እጇን ዘርግታ ቆመች።

"አይጠጣም!"

"በረኪናው ገብቶበት የለም እንዴ?" አለ ካቦው ይርዳው። ይህ ብልህ ሰው የበረኪናውን ካርቶን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ለዚያ እሳት ፀሐይ አስጥቶት ከርሟል!

እሷ በርሜሉ ውስጥ ከጨመረችው ጠርሙስ የከሏ ጫፍ ላይ ጠብ አደረገች። ሁላችንም ክው አልን፤ የሐዘን ልብስ ላይ በረኪና! ጨርቁ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ሮጣ ገብታ ፀሐይ እንዳያገኘው ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀብራ ያቆየችውን ጠርሙስ አመጣች። ከእሱ ጠብ ስታደርግ ጥቁሩ ዓይናችን እያየ ቀላ፣ ከዚያም ነጣ። ሁለቱም ባንድ ቀን የተገዙ ናቸው፤ አንዱን ፀሐይ ገድሎታል፣ አንዱ ግን በሕይወት አለ። ከደህናው በርሜሉ ውስጥ ጨመረች፤ ያ ሁሉ የተጠማ ሰው ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ በርሜሉን ከቦ ጠበቀ። ከእኛ አንድም ሰው አልታመመም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ከሏ ላይ ሳትሞክር አታልፍም። ለሙት ዓመቱ አማቷ እትዬ ሀብትነሽ ሲመጡ ጫፉ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ነበር።

"ልጄን እንዲህ ነው ያዘንሽለት?" አሉ።

የመለሰው ያ አሿፊ ጎሹ ነው። "እማማ፣ አይቆጡ። እኛ የቆምነው በዚህ ነው" ብሎ ሁሉንም ነገራቸው።

አሮጊቷ ቁጢጥ ብለው ነጫጮቹን ቦታዎች በጣታቸው ዳበሱ።

"እስቲ ልጄ ያላገኘውን ውኃ አቅምሱኝ" አሉ።