የአባቴ ደም ተብሎ የተላከው

ትንሹ ወንድሜ ገና መዳህ ሳይጀምር ጆሮው መግል ማፍሰስ ጀመረ፤ ከዚያ ሳንባው፣ ከዚያ እንደገና ጆሮው። ከእሱ በፊት የተወለደው ወንድማችንም እንዲሁ ሲያመው፣ ሲሻለው ቆይቶ ነው የሞተው። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪሟ "በዘር የሚተላለፍ የበሽታ መከላከል ችግር እንዳይሆን፤ የልጁ፣ የእናቱና የአባቱ ደም ውጭ አገር ተልኮ ዘረመላቸው ይነበብ" ሲሉ እናቴ ወዲያው እሺ አለች።

አባቴ ግን ጠረጠረ። ቦንጋ ገበያ ቡና ይነግዳል፤ በዓይኑ ያላየውን አያምንም።

"ቡናችንን ወስደው የራሳቸውን ስም ለጠፉበት" አለ። "አሁን ደግሞ ደማችንን? ለምን እዚሁ አይመረምሩትም?"

"ማሽኑ እዚህ የለማ፣ አባዬ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሐኪሟ ናቸዋ።"

"እሷማ ትላለች።"

በማግስቱ ግን ማልዶ ለባብሶ ወጣ። ደስ አለኝ። ለእናቴ ምሳ ይዤ ሆስፒታል ስደርስ፣ ክንዱን በጥጥ ተጭኖ ከላቦራቶሪ የወጣው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ማንኪራ መንደር የሚኖረው አጎቴ ነው።

"ንብ ነደፈኝ" ብሎኝ ሳቀ።

አጎቴ ንብ ያረባል፤ ቢሆንም ሆስፒታል ውስጥ ምን ዓይነት ንብ አለ? አሞት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከወራት በኋላ ሐኪሟ እናቴን ለብቻዋ ጠሯት። ቤት ስትገባ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

"ባልሽ የልጁ አባት ነው ወይ ተብዬ ተጠየቅኩ" አለችው አባቴን። "የተላከው ደም የአባት ሳይሆን የዘመድ ነው አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ?"

አባቴ ቀና ብሎ አላያትም። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

"አጎቴን ነው የላክኸው" አልኩት።

"ታዲያ ምን አለበት?" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ለደቦ ስጠራ እሱ ይሄድልኛል፤ እሱ ለለቅሶ ሲጠራ እኔ እሄድለታለሁ። ከአንድ ሆድ ወጥተን ደማችን ሊለያይ ነው?"

"እናንተ ተተካኩ" አለች እናቴ። "ልጄን ማን ይተካልኛል?"

አባቴ ጠዋት ራሱ ሄደ፤ ደሙ የበረዶ ሳጥን ውስጥ ገብቶ እስኪታሸግ ድረስም ከላቦራቶሪ ባለሙያዋ ራስ ላይ አልወረደም።

አሁን የበሽታው ስም ታውቋል። አባቴም እናቴም፣ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው፣ የተበላሸውን ዘረመል ተሸክመው ኖረዋል። ወንድሜ ሰውነቱ ራሱ ማምረት ያልቻለውን የበሽታ መከላከያ በየጊዜው በደም ስሩ ያገኛል፤ ጆሮው ደርቋል፣ የቤቱን ዶሮዎች እያባረረ መከራ ያሳያቸዋል፤ እኔም እሱን ሳይ ሳቄ ይመጣል።

መጀመሪያ መድኃኒቱን ሲሰቅሉለት አባቴ "ከምንድን ነው የተሠራው?" አለ።

"ከጤነኛ ሰዎች ደም" አለችው ነርሷ።

"ከየት አገር ሰዎች?"

"እሱን እኔም አላውቅም።"

አባቴ ጠርሙሱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ ወንድሜ ቱቦውን እንዳይነቅለው ትንሿን እጁን ያዘለት።