ደገኛው መርከበኛና የሞቀው ባሕር

ባሕር አይቼ አላውቅም። ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ አስቀድሜ ነገርኋችሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መካነ ሰላም ላይ የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። አትላንቲኩን፣ ፓስፊኩን፣ ሞገዱን፣ የባሕሩን ወለል ሳይቀር ለስንቱ ልጅ አስተምሬአለሁ። የተሻገርሁት ትልቁ ውሃ ግን ዓባይ ነው፤ እሱንም በድልድይ፣ እሱንም ሚኒባስ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ። ተማሪዎቼ «መምህር፣ ባሕር ምን ይመስላል?» ሲሉኝ ወደ ካርታው እጠቁምና «ሰማያዊ ነው» እላቸው ነበር። ካርታው ላይ እውነትም ሰማያዊ ነው፤ አልዋሸሁም።

እግዜር ደግሞ ቀልድ ሲወድ! የመጨረሻው ልጄ ተምሮ ተምሮ የመርከብ ሞተር መሐንዲስ ሆነ። ወደብ የሌላት አገር ልጅ፣ ያውም ከዚህ ከደጋው፣ የዓለምን ዕቃ ከጫፍ ጫፍ ከሚያመላልሱት ጋር አብሮ ይዞራል። እናቱ ሥራው ምን እንደሆነ ለጎረቤት ስታስረዳ «ባሕር ላይ ወፍጮ ቤት አለው» ነው የምትለው። ላርማት ሞከርሁና ተውሁት። ሞተር ሞተር ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ እንደ ልማዴ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ሐጂ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። መካ ደርሶ ስለመጣ ከተማው ሁሉ በዚሁ ማዕረግ ይጠራዋል። በአውሮፕላን መስኮት ቀይ ባሕርን በማየቱ ደግሞ በእኔ ላይ የሚኮራው ኩራት ልክ የለውም። ከፊታችን፣ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ፣ ዳመናው እንደ ጥጥ ክምር ሽቅብ እየተቆለለ ነበር።

«ያ ዳመና የት የሚሄድ ይመስልሃል?» አልሁት።

«ወደ ቤቱ።»

«አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው የሚሄደው።»

«ባሕሩን ያየሁት እኔ፣ የምታወራው አንተ!»

«ወላሂ እውነቴን ነው።» ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ተወልዶ ወላሂ ያላለ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ከዚያ አስተማርሁት። ጡረታ የወጣ መምህር ጡቷ እንደ ሞላ ላም ነው፤ የሚያልበው ካጣ ያመዋል። ከተራሮቻችን የሚነሳው የክረምት ነጎድጓድ አየሩን ያናውጠዋል፤ ነውጡ በሱዳን አድርጎ፣ በረሃውን በስተደቡብ ታክኮ፣ አፍሪካን አቋርጦ በምዕራቡ ዳርቻ ባሕር ይገባል። አብዛኛው እዚያው ይጠፋል። አንዳንዱ ግን የሞቀ ውሃ ካገኘ ይጠመጠምና ሃሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ይሆናል። ሁሉም ከእኛ ይነሳል ማለት አይደለም፤ ሊቃውንቱ ግን የአንዳንዱን ዱካ ወደ ኋላ ሲከተሉ ወደ ሐበሻ ተራሮች ይመጣሉ።

ሐጂ ጺሙን እየዳበሰ ሰማኝ። «ልጅህ አሁን የት ባሕር ላይ ነው ያለው?» አለኝ።

«አትላንቲክ።»

«እኛው ልከንበት!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ልጄ ደወለ። ጭነት ይዘው ወደ ወዲያኛው ማዶ እየተሻገሩ ነው። «አባ፣ ሞተር ማቀዝቀዣ ብለን የምንስበው የባሕር ውሃ እንዲህ ሞቆ አይቼ አላውቅም፤ ገላ መታጠቢያ ነው የሚመስል» አለኝ። እሱ የነገረኝ እንደ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ያስተማርሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ከዚያ ዝናቡ መብራቱን ወሰደው፤ መብራቱ ኔትወርኩን አስከትሎ ሄደ።

የቀረኝ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬድዮዬ ነው። ሬድዮው ከዚያው ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ ተነሳ አለ። ቀጥሎ በረታ አለ። ቀጥሎ በመዝገብ ከሚታወቁት ብርቱዎች ተርታ ገባ አለ፤ ማታ ደካማ የተባለው ጧት ሌላ ፍጥረት ሆኖ አደረ። ባለቤቴ አጠገቤ ምስር እየለቀመች «ምን ይላል?» ስትለኝ «ስለ ዝናብ ነው» አልኋት። ውሸት ነው ይባላል? ዝናብ አለበት።

እንዴት እንዲህ እንደሚበረታ አውቃለሁና ነው የፈራሁት። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ተኝቶ ያድር ነበር። የድስት ክዳን ስታነሱ እጃችሁን የሚገርፈው እንፋሎት ከፈላው ውሃ ለምን ይብሳል? ውሃ ተን ሲሆን የዋጠውን ሙቀት፣ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ይተፋዋል። ከሞቀ ባሕር የወጣውም ተን ላይ ወጥቶ ዳመና ሲሆን ሙቀቱን ይተፋል፤ አየሩ ይቀልና ሽቅብ ይሮጣል፤ ከሥሩ ሌላ ርጥብ አየር ይስባል፤ የምድር መዞር ደግሞ ያሾረዋል። ይህን ነገር የሚገታው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከላይ ሌላ ነፋስ መጥቶ እንደ ጭስ ሲያጎብጠው፣ ቁመቱን ሲሰብረው። ሁለተኛው፣ የባሕሩ ሙቀት ላይ ላዩን ብቻ ሲሆን፤ ያኔ ነፋሱ ራሱ ውሃውን ያማስልና ከሥር ቀዝቃዛውን አውጥቶ የገዛ ራቱን ያበርዳል። በዚያ ሰሞን የላዩ ነፋስ ጸጥ ብሏል፤ ሙቀቱ እስከ ሥር ወርዷል አሉ። ባሕሮቹም ከዓመት ዓመት እየሞቁ ነው። ይህን ሁሉ በጠመኔ ስጽፈው ኖሬ፣ ልጄ እላዩ ላይ እንደሚሄድበት አልታየኝም።

ሲጨንቀኝ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ነገርሁት። አሁን አልሳቀም። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና «አብሽር» አለኝ። «ለእናቱ ነግረሃታል?»

«እንዴት አድርጌ?»

«ደግ አደረግህ። ዱዓ እናድርግለት። እኔ የኛን አባቶች ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ የእናንተን ጥራ። ሰዉ እርሻው ሳይወጣ፣ በጧት ይሁን።»

«በጧት ይሁን» አልሁ።

እኛ ዘንድ ጸሎትና ዱዓ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይሰማል። ይህ የሚደንቅ ነገር አይደለም። የሚደንቀው የሁለት ሽማግሌዎች ሞኝነት ነው። እኛ ዘንድ የሩቅ ሞት በስልክ አይነገርም። አባቶች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤተሰቡ ሳይበተን፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው በር ያንኳኳሉ። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔና ሐጂ ራሳችን ስንቱን ቤት እንዲህ አድርገን አንኳኩተናል! ጭንቀት ግን ያወቁትን ያስረሳል።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ቀድማኝ ወጣች። እኔ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እየፈለግሁ ሳለ «ሰላም አደራችሁ ወይ» የሚል የብዙ ሰው ዝግ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም አልተንቀሳቀስሁም፤ ደነዘዝሁ።

ባለቤቴ ሐጂን አየች፣ ከኋላው ጥምጥሙን፣ ጋቢውን፣ የቄሱን መስቀል አየች። አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። «ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው? ጩኸቱን ሰምቶ ላይኛው ሰፈር መጣ፤ ላይኛውን ሰምቶ ታችኛው መጣ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው ደረሱ። በአገራችን አልቃሽነቷ የታወቀ አንዲት አሮጊት ገና ነጠላዋን ሳታስተካክል ገጠመች፦

«ዓባይን ያልዋኘ ውቅያኖስ ገባ አሉ፣
ውሃ አይቆፈርም፣ የት ልቅበረው በሉ?»

እኔ በባዶ እግሬ እየሮጥሁ «አልሞተም! አልሞተም!» እላለሁ።

«ያዙት፣ ራሱን እንዳይጎዳ!» አለ አንዱ። ሁለት ጎበዞች ግራና ቀኝ ክንዴን ጨመደዱኝ።

«አልሞተም እኮ ነው የምላችሁ!»

«እሺ መምህር፣ አልሞተም፤ ይበርቱ። ወንድ አይደሉ እንዴ?»

ሐጂ ግድግዳ ተደግፎ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ለዱዓ ነው የመጣን» ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ባለቤቴ ግን ሰማች። ቀና አለች። ተነሥታ አጠገቤ መጣችና «አልሞተም?» አለችኝ። «ማን ነገረህ?»

አልሞተም እያልሁ የጮኽሁት ከየት አምጥቼ ነው? ከልጄ ድምፅ ከራቅሁ ሰንብቻለሁ፤ የማውቀው አውሎ ነፋሱን እንጂ እሱን አይደለም። እንዳልገባኝ ሆኜ ፊቴን ወደ ጎበዞቹ አዞርሁ፤ እሷ ግን አነበበችኝ። ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ሐጂ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ስልክህን አምጣ» አለኝ። እጆቼ ተይዘዋልና ራሱ ከኪሴ አወጣው። ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ አናት ላይ፣ የእኛ ኔትወርክ ሲጠፋ የሌላ ወረዳ የስልክ ምሰሶ የሚወረውረው ትንሽ ኔትወርክ ይገኛል፤ ወጣቶቹ እዚያ ነው የሚወጡት። ሐጂ ጉልበቱን ያመዋል። መስጊድ እንኳ እያረፈ ነው የሚሄድ። ጭቃውን፣ ዳገቱን፣ ጉልበቱን ሳያይ ወጣ።

ድንኳኑ ሊቆም ሲል ከላይ ጩኸት ሰማን። ሐጂ ጥምጥሙን ፈትቶ እንደ ባንዲራ ያውለበልባል። «ኑ! ወደዚህ ኑ! ስልኩን ካወረድሁት ይቆረጣል!»

መጀመሪያ የሮጠችው ባለቤቴ ናት። እኔ ተከተልሁ፤ ጎበዞቹ ክንዴን ሳይለቁ አብረውኝ ወጡ። ከኋላችን ቄሱ፣ አባቶቹ፣ አልቃሿ፣ የድንኳን ካስማ በእጁ እንደያዘ የእድሩ ሰው፣ ልቅሶው እንዳለ ዳገቱን ወጣ። እንዲህ ያለ ልቅሶ የእኛ የወሎው ቦረና አይቶ አያውቅም።

ሐጂ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

«ሃሎ? አባ? ስንት ቀን ስደውል! ይሄ የምን ጩኸት ነው? ማን ሞተ?»

«አንተ» አልሁት።

«እኔ?»

«አንተ ነህ። ድንኳንህ እየተተከለ ነው። ብዙ ሰው ነው የወጣልህ።»

ቀልዱ እንባ ሆነብኝ። ባለቤቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ድምፅህን አሰማኝ... እስቲ ድገመው... በልተሃል? ጠምቶሃል? ምን በላህ?» አለችው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የደረሰ ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩን በእሷ በኩል ሰማነው። ካፒቴናቸው አውሎ ነፋሱ ሳይበረታ ገና ሲጠመጠም አይቶ መርከቡን ወደ ደቡብ አዙሮታል። ረጅም ዙሪያ ዞሩ፤ ያገኛቸው ከሩቅ የሚመጣ ትልልቅ ማዕበል ብቻ ነው፤ ልጄ ከሞተሩ ጋር ሲተክዝ ሰነበተ። እኔ በሬድዮ ስሰማው የነበረውን አደጋ፣ ያ የማላውቀው ሰው አስቀድሞ አይቶ ሸሽቶልኛል። ሃይማኖቱን አላውቅም፣ አገሩን አላውቅም። እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው፤ ሐጂም አሚን ብሎበታል።

«እማ፣ የምን ግጥም ነው ሴትዮዋ የምትለው?» አለ ልጄ።

«ላንተ የተገጠመ ነው።»

«ታዲያ ከኔ ቀድሞ ማን ይስማው? በሉ አሰሙኝ!»

አልቃሿ አፈረች። ግድ ስንላት ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ደገመችው። ከዚያ ማዶ ልጁ ሲስቅ ሲስቅ፣ ሳቁ ተቆርጦ ሲያለቅስ ተሰማ። ጉብታው ላይ ያለውም ሰው እንዲሁ ሆነ፤ መሳቁና ማልቀሱ አይለይም። የእድሩ ሰው «እንግዲህ ድንኳኑን እንንቀለው?» ሲል እልልታ ተነሣ።

ባለቤቴ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ያ ነገር ታዲያ እናንተን ካለፈ የት ገባ?» አለችው።

«ደሴት ላይ ወጣ፣ እማ» አላት ልጁ። «ብርቱ ሆኖ ነው የወጣባቸው። በሬድዮ እየሰማን ነው። ቤቶቹን አንሥቷቸዋል።»

እልልታው ቀስ እያለ ቆመ። ስልኩ ተቋረጠ። ባለቤቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ለሐዘን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ጎረቤቷ ልታቃናላት እጇን ብትዘረጋ «ተይው» አለቻት። «ከነዚያ ሰዎች እናቶች ስልክ የማይመጣላት አለች። እኔ ልጄ ተመለሰልኝ። ሰዉ ከቤቱ ወጥቷል፣ ድንኳኑ መጥቷል፤ ለነሱ እናልቅስላቸው።»

ማንም አልተቃወመም። ቄሱ ጸለየ፤ ሐጂ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ መጀመሪያ ምስጋናውን፣ ቀጥሎ ልመናውን። የሁለቱንም አሚን አልሁ፤ ከሁሉ በላይ ጮኼ አልሁ። በሕይወቴ ብዙ ልቅሶ ተቀምጫለሁ፤ እያመሰገንሁ ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አልቃሿ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ አገራቸው ማን ይባላል? ስም ሳልጠራ አልቅሼ አይወጣልኝም።»

ሬድዮው በነፋሱ መንገድ ላይ ናት ያላትን ደሴት ስም ነገርኋት። ደጋግማ በከንፈሯ ሞከረችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ስም ቤት አይመታልኝም» አለች። «እንግዲያ ‹ወንድሞቼ› ልበላቸው» አለችና ጀመረች።