ለባለቤቴ የገዛሁት መጋዝ

እናቴ እህል በረንዳ ጤፍ ትሸጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኗ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ከፊደል ቀድማ ያስተማረችኝ ነገር ቢኖር ነጋዴ የሚለውን አለማመን ነው። «ከላይ ያለውን አትዪ፤ እጅሽን እስከ ክንድሽ አስገብተሽ ከታች ዝገኚ» ትለኝ ነበር። እኔም ትዳር ከያዝኩ በኋላ ለቤቱም ሆነ ለባለቤቴ የእንጨት ሥራ የሚያስፈልገውን ሁሉ የምገዛው ራሴ ሆንኩ። ምስማሩንም፣ ኮላውንም፣ ቫርኒሹንም። ባለቤቴ ለክርክር አልተፈጠረም፤ የተጠራለትን ዋጋ ከፍሎ፣ አመስግኖ የሚመጣ ሰው ነው። እኔ ግን ዋጋ አስቀንሼ ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

የባለቤቴ ሥራ ቤት አብነት ሰፈር ነበር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ። በርና መስኮት ይሠራል፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። የሚታወቀው ግን በአልጋ ነው። የአልጋውን ራስጌ በመሮ እየፈለፈለ ሐረግ ያወጣበታል፤ ከሐረጉ መሀል ደግሞ ወፍ። ሁለት አልጋ ላይ አንድ ዓይነት ወፍ ሠርቶ አያውቅም። ሊጋቡ የተቃረቡ ሰዎች ከኮልፌም ከሳሪስም እየመጡ ያሠሩት ነበር።

ጣውላውን የሚሰነጥቀው ግን በእጅ መጋዝ ስለነበር ትከሻው አለቀ። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ ለመግዛት ከአንድ ዓመት በላይ አጠራቀመ። የትኛውን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ጓደኛው ጋ ሞክሮታል። የጀርመን ሥራ ነው። ገንዘቡ ሲሞላ ግን ለሠርግ የሚደርስ አልጋ ታዝዞ ስለነበር ራሱ መሄድ አልቻለም።

«አንቺው ሂጂ» አለኝ። «ባይቀንሱልሽም ግዴለም። ኦሪጅናሉን ብቻ አምጪልኝ።»

መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ የሥራ መሣሪያ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ የሚጠራቸው ሀጂ እያለ ነው። ባለቤቴ መሮም ሆነ ሞረድ ከሌላ ሱቅ ገዝቶ አያውቅም። እኔም ቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ኦሪጅናሉን አወረዱልኝ፤ ዋጋውን ነገሩኝ፤ ክርክሬን ጀመርኩ።

«ሀጂ፣ ይቀንሱልኝ እንጂ! ደንበኛ አይደለን እንዴ?»

«ልጄ፣ ደንበኛ ስለሆናችሁ ነው መጨረሻውን የነገርኩሽ። ከዚህ አይወርድልኝም።»

ዘወር ብዬ ወጣሁ። እስከ ጥግ ድረስ ሄጄ እንዲጠሩኝ ጠበቅኩ፤ አልጠሩኝም። ተመልሼ ገባሁ። ደግሜ ወጣሁ። አሁንም አልጠሩኝም። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ነበሩና ፊቴ ጋለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ሌላ መጋዝ አየ። ቀለሙም ቅርጹም ያው ነው።

«ይሄስ?»

«እሱ ተመሳስሎ የተሠራ ነው። ዋጋው የዚህን ግማሽ አይሞላም» አሉ። «ለቤት ነው፤ በዓመት አንዴ መደርደሪያ ለሚቆርጥ ሰው። ባለቤትሽ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ነው። ለሱ አይሆንም።»

ከዚያ ሰክተው አሳዩኝ። ማብሪያውን ጫን አድርገው ጣታቸውን አነሱ። መጋዙ መቆም ሲገባው መሽከርከሩን ቀጠለ። ማብሪያውን በጥፍራቸው ፈልቀቅ ሲያደርጉት ነው የቆመው።

«አየሽ? አንዳንዴ ይይዛል።»

አየሁ። በዓይኔ አየሁ። ግን ያን ጊዜ የታሰበኝ ሌላ ነው፤ ውዱን ሊሸጥልኝ ርካሹን ያጣጥላል አልኩ በልቤ። ነጋዴ እውነት ሲናገር ምን እንደሚመስል ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን መጻፍ ያሳፍረኛል። ታናሽ እህቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልታገባ ነበር። ወደ ሀጂ ሱቅ ስወርድ የሀበሻ ልብስ የሚሸጥበት ቦታ አንድ ቀሚስ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ጥለቱ ወርቃማ ሆኖ እስከ ደረቱ የወጣ። ዓይኔ እዚያው ቀርቷል።

«ይሄኛውን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ባለቤትሽ ያውቃል?»

«እሱ ነው የላከኝ።»

ሀጂ መጋዙን ከሶኬት ነቀሉት። ከዚያ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ከተው ሰጡኝ። እኔም በተረፈው ገንዘብ ቀሚሱን ገዝቼ እናቴ ቤት አስቀመጥኩና ሥራ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ መጋዙን ከካርቶኑ አውጥቶ አገላበጠው። «ይሄ እኮ እሱ አይደለም» አለ።

«ኦሪጅናሉ አልቋል። መቼ እንደሚገባም አይታወቅም አሉ። ይሄም ያው ነው ብለውኛል ሀጂ።»

«ያው ነው አሉ? ራሳቸው?»

«ራሳቸው። ዋጋውም ብዙ አይራራቅም።»

አመነኝ። «ሀጂ ካሉማ» አለና መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እህቴ ስትዳር ያን ቀሚስ ለበስኩ። ከየት አመጣሽው ሲለኝ እናቴ ገዛችልኝ አልኩት። «አምሮብሻል» አለኝ። ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ ጨፈርኩ።

በዚያ ወር ውስጥ ሁለቴ፣ «ይሄ ማብሪያ ያስቸግራል፤ ይይዛል» ብሎኛል። ሁለቴም «አዲስ ስለሆነ ነው፣ እየዋለ ይላላል» አልኩት። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ከዚያ የመጣው ሁሉ ባልመጣ።

መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን በመብራት መምጫና መሄጃ ነው የሚያሰላው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምሳውን ይዤለት ሄጄ ግቢው በር ላይ ከጎረቤት ሴት ጋር ቆሜ አወራለሁ። እሱ ውስጥ ጣውላ እየሰነጠቀ ነበር። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ መጋዙ ጣውላው ውስጥ እንደተቀረቀረ ቆመ። ባለቤቴ ጣቱን ከማብሪያው አንስቷል፤ ማንም ሰው ጠፍቷል ብሎ የሚያስበው ነው። ማብሪያው ግን ተጭኖ እንደቀረ አላወቀም። ከሶኬት አልነቀለውም። መጋዙን ከጣውላው አላቆ በጎኑ አስተኛውና ጥርሱ መሀል የተሰገሰገውን ሰጋቱራ በግራ እጁ ጣቶች ያጸዳ ጀመር።

መብራት ሲመጣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚጮህ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ከየቤቱ «መጣ! መጣ!» ተባለ። እኔም ከጎረቤቴ ጋር እየሳቅኩ «መጣ!» አልኩ። የባለቤቴን ጩኸት ከዚያ ሁሉ የደስታ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ አልለየሁትም። አብሮት የሚሠራው ሰውዬ እየሮጠ ሲወጣ ሸሚዙ ላይ ደም አየሁ። ያኔ ነው ምግቡ ከእጄ የወደቀው።

ሁለት ጣት አጣ፤ ሌባ ጣቱንና የመሀል ጣቱን። ሐኪሙ አውራ ጣቱ መትረፉ ዕድል ነው አለን። ሆስፒታል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «አንቺ አትልቀሺ፤ ያልነቀልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። አፌን ዘጋሁ።

ቤት ከገባን በኋላ በሳምንቱ ሀጂ ሊጠይቁት መጡ። ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። ቁጭ አሉና የታሸገውን እጅ አዩ። ወሬውን የጀመረው ባለቤቴ ነው።

«ሀጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ከስንት ዘመን ጀምሮ የርስዎ ደንበኛ ነኝ። ይሄን ዕቃ እንዴት ያው ነው ብለው ይሸጡልኛል?»

እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ደርሻለሁ። ሀጂ አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አነበብኩ። ጠበቅኳቸው፤ እንዲያጋልጡኝ ፈለግኩም ፈራሁም።

«ከኔ ሱቅ ነው የወጣው» አሉ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ መልሰው። «ጥፋት አለብኝ። አፉ በለኝ።»

«እግዜር ይይልዎት» አለ ባለቤቴ፤ ሌላ አልጨመረም። ሻዩን ሳይጠጡ ሄዱ። በማግስቱ አንድ ወዛደር ኦሪጅናሉን መጋዝ ተሸክሞ መጣ፤ ሀጂ ናቸው የላኩት አለ። ባለቤቴ ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍት መልሶ አሸከመው። ወዛደሩ ከግቢው ሲወጣ ከኋላው እያየሁ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ አልጋ አልቀረጸም። ሞክሮ ነበር፤ መሮውን የሚመራው ግራ እጁ ነበርና እየሸሸ ወፉን አበላሸበት። ያን ራስጌ ለሁለት ሰነጠቀውና ለማገዶ ይሁን አለኝ። የሚሠራው ለጥ ያለ በር ብቻ ሆነ። መሣሪያ ሊገዛ የሚሄድ አናጢ ሲያገኝ ደግሞ እጁን እያሳየ፣ «እዚያ ሽማግሌ ጋ እንዳትሄድ፤ ፎርጅዱን ኦሪጅናል ነው ብሎ ይሸጥልሃል» ይል ነበር። አብነት አካባቢ ያለ እንጨት ሠሪ ሁሉ ሰማ። እኔ ይሄን ስሰማ ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ለቤት ዕቃ መርካቶ ወረድን። በሀጂ ሱቅ በኩል ማለፍ አንወድም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ በዚያ በኩል ገፋን። ሀጂ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ቅዳሜ ቀን! ሲያዩን ብድግ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ደህና ዋላችሁ ልጆቼ?»

ባለቤቴ ፊቱን አዙሮ አለፈ። የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። አጠገባቸው ያለው ባለሱቅ አይቶ አንገቱን ደፋ። ጥቂት እርምጃ ከሄድን በኋላ ክንዱን ይዤ አቆምኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሀጂ ያው ነው አላሉኝም። አይሆንም ነው ያሉኝ። ማብሪያው እንደሚይዝ ሰክተው አሳይተውኛል። ኦሪጅናሉም ነበር።»

ወዛደሮች ጭነት ተሸክመው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ይገፉናል፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ይቆጣል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጠይቆኝ የማያውቀውን ነው የጠየቀኝ።

«ቀሚሱ በዚያ ገንዘብ ነው?»

«አዎ።»

ትቶኝ ሄደ፤ ወደ ቤት አይደለም፣ ወደ ሀጂ። ተከተልኩት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ሀጂ ትከሻውን ይዘው አነሱት።

«አራት ዓመት ሙሉ ስምዎትን ሳጠፋ ኖርኩ» አላቸው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ታመህ ተኝተሃል፤ የምታስታምምህ እሷ ናት። ትዳር ላፍርስብህ?» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እኔም ንጹህ አይደለሁም ልጄ። የሚይዝ ማብሪያ መሆኑን እያወቅኩ ሸጥኩልሽ። አልሸጥም ማለት እችል ነበር። ገበያ ነው ብዬ ተውኩት። እሱን ዕቃ ከዚያ ወዲህ አላስገባሁም።»

ባለቤቴ በቀጣዮቹ ሳምንታት የሚያውቃቸውን አናጢዎች አንድ በአንድ እየዞረ፣ «ስለ ሀጂ የተናገርኩት ስህተት ነው፤ በትክክል ሳልሰማ ነው» አላቸው። ስሜን አላነሳም። አንዳንዶቹ ወደ ሀጂ ተመለሱ፤ አብዛኞቹ ሌላ ደንበኛ ይዘው ነበር። የመጀመሪያውን ወሬ ሁሉም ሰምቶታል፤ ማስተባበያውን ግን ቆሞ የሰማ ጥቂት ነው። ብዙም ሳይቆይ ያ የሱቅ መስመር ፎቅ ሊሠራበት ፈረሰ፤ ሀጂም ዕድሜያቸው ገፍቶ ሌላ ቦታ አልከፈቱም።

እኔን አላባረረኝም። ሽማግሌም አልሰበሰበብኝም። እንደ ድሮው ይስቃል፣ ያጫውተኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሥራው የሚሆን ነገር ራሱ ነው የሚገዛው፣ ምስማር ሳይቀር። እንደሚያታልሉት አውቃለሁ። ስንት ገዛኸው ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አይነግረኝም።

ሀጂ ያረፉ ዕለት ሁለታችንም ለቅሶ ሄድን። ባለቤቴ ከወንዶቹ ጋር ጀናዛውን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። የሀጂ ባለቤት ዓይኗ አብጦ እየዞረች ሰዉን ታመሰግን ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ያዘችኝና፣ «አላወቅኩሽም የኔ እህት፤ ከሀጂ ጋር በምን ትተዋወቃላችሁ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደንበኛቸው ነበርኩ» አልኳት።

«አይ፣ ደንበኞቻቸውን እኮ ይወዱ ነበር» አለችና እጄን ሳም አድርጋ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።