ጨለማ የነፈግነው ዛፍ

ባለፈው መስከረም ደብረ ማርቆስ የምንኖርበት ሰፈር የመንገድ መብራት ገባለት። ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ጎረቤቴ አስካል ብቻ ግራ ገብቷት መጣች። «እትዬ፣ የገና በዓል አለፈ፤ ቀይ አበባዬ ዘንድሮ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ምን ነክቶት ይሆን?» ሳቄ አመለጠኝ። ይህን እንቆቅልሽ ባደግሁባት በሉማሜ ከተማ፣ በኮረዳነቴ ፈትቼዋለሁ።

አባቴ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረው። በራችን ላይ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታላቅ እህቴ የተወለደች ዓመት የተከለችው፣ እንደ አስካል ቀይ አበባ ያለ ዛፍ አለ። አባቴ በየክረምቱ ስለሚከረክመው ከእኔ ቁመት ብዙም አይበልጥም። ገና ሲደርስ የላይኛው ቅጠሉ እንደ በርበሬ ይቀላል። መብራት ሉማሜ ሲገባ ግን አባቴ ተሳፋሪ ከሩቅ እንዲያየን ብሎ በሩ ላይ ትልቅ አምፖል ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ዛፉ መቅላቱን ተወ። አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው እናታችሁን እያዘነ ነው ይላል።

የእህቴ ሰርግ ለጥር ሲቆረጥ አባቴ «ካላማረ ምን ያደርግልናል? ይቆረጥና ዳሱ እዚያ ይጣል» አለ። እህቴ ጓሮ ገብታ አለቀሰች። እናቷ በሌለችበት ሰርግ የእናቷ ዛፍም ሊቀርባት ነው።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ነገር አልለቅም። ባለፈው ገና የአምፖሉ ብርሃን የማይደርስበት፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለ ቅርንጫፍ ብቻውን ቀልቶ ነበር።

«አባባ፣ ማታ ማታ አምፖሉን ያጥፉልኝ።»

«ለዛፍ ብዬ ሻይ ቤቴን ልዝጋ?»

«እንግዲያው እስከ ገና ይታገሱኝ። ካልቀላ መጥረቢያውን ራሴ አቀብልዎታለሁ።»

ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ የወረደ አሮጌ ሸራ በእንጨቶች ላይ እየዘረጋሁ ዛፉን እሸፍናለሁ፤ ጠዋት እገልጠዋለሁ። ብርዱ ጣቴን ይቆረጥመዋል፤ ከውስጥ የአምባሻ ሽታ ይጠራኛል። ሳልሸፍን ግን አልገባም።

አንድ ምሽት የአባቴ እህት ከአማኑኤል ከተማ መጥታ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ በራችን ላይ የተጣለውን ሸራ አየች። እኛ አገር ሰርግ በሌለበት በጾም ወራት በር ላይ ሸራ ከታየ ለቅሶ ነው። «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ደረቷን እየደቃች መጣች። የማያውቁን ተሳፋሪዎችም እያለቀሱ ተከተሏት። አባቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«በቁሜ ድንኳን ጣለችብኝ!» ብሎ ሸራውን ሊገነጥል ሲል አክስቴ እጁን ያዘችው። ነገሩን ስነግራት እንባዋን ጠረገች።

«ለሚስትህ ዛፍ ከሆነማ ማልቀሴም አይቆጨኝም። ተዋት!» አለችው። ተወኝ።

በታኅሣሥ የቅጠሉ ጫፍ ቀላ። ገና ሲደርስ ዛፉ በሙሉ ነደደ። በሰርጉ ቀን አክስቴ ደረቷን በደቃችበት ቦታ ላይ ቆማ እልል አለች። አባቴም የሙሽራውን ሽማግሌዎች ዛፉ ሥር አቁሞ «የተከለችው እናቷ ናት፤ ያቀላችው ይቺ ልጄ ናት» አላቸው። በዕድሜዬ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አልኮራሁም። በዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሸራውን ይዞ የወጣው አባቴ ራሱ ነበር።

አስካል ሰምታ «ማን አስተማርዎት?» አለችኝ።

«ማንም። አይቼ ነው» አልኳት፤ ኩራቴንም አልደበቅሁም። «ለከርሞ ከጥቅምት ጀምረሽ ሸፍኚው። መጀመሪያ ግን ለዘመዶችሽ ደውዪ።»